አኳፖኒክስ ከማሰባችሁ በፊት ጀሪካን ቁጠሩ

ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ስለ አኳፖኒክስ ሁለት መስመር ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። "ጀመርክ ወይ?" "ዓሣው ስንት ደረሰ?" "መጥተን እንየው?" ትላላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልጀመርኩም። ገና ወረቀት ላይ ነኝ፣ ያውም ሦስተኛው ወረቀት ላይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እቅዶች ውድቅ ያደረገችብኝ ባለቤቴ ናት። ያኔ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ሳስበው ደግ አደረገች። ዛሬ የምጽፈው እነዚያ እቅዶች ለምን እንደወደቁ ነው። እንደኔ ቪዲዮ አይቶ ሮቶ ሊገዛ የተነሳ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፤ አኳፖኒክስ ማለት ዓሣና አትክልትን በአንድ ውሃ ማሳደግ ነው። ዓሣው ይበላል፣ አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ውሃው በትንሽ ፓምፕ ወደ ጠጠር መደብ ሲወጣ ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ደግሞ የተክል ምግብ ነው። ተክሉ ይወስደዋል፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ የማስተምረው የናይትሮጅን ዑደት ማለት ነው። አንዱ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ታዲያ ሰላጣው የሚበላው የዓሣ ሽንት ነው?" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። "ባክቴሪያው ካበሰለለት በኋላ፣ አዎ" አልኩት።

እዚህ ጎንደር ውሃ ምን ማለት እንደሆነ የሚኖርባት ያውቃል። ቧንቧው መጣ ሲባል በሌሊት ተነስተን ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር የምንሞላ ሰዎች ነን። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። "ከተለመደው እርሻ 90 በመቶ ውሃ ይቆጥባል" የሚል ቪዲዮ ሳይ ልቤ ቢሰቀል እንዳይፈረድብኝ ነው።

የመጀመሪያው እቅዴ ትልቅ ነበር። 1,000 ሊትር ሮቶ ለዓሣ፣ 3 ካሬ ሜትር የጠጠር መደብ ለአትክልት። ከቀለም ጋር ነው የሳልኩት። ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ አሳየኋት።

"ይሄ ዓሣ በቀን ስንት ጀሪካን ይጠጣል?" አለችኝ።

"አይጠጣም፤ ውሃው እየዞረ ነው የሚኖረው" አልኳት።

"እሺ፣ ስንት ይጎድላል?"

ዝም አልኩ። አላውቅማ! ስንት ቪዲዮ አይቼ ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም ነበር።

በማግስቱ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ ከፍቼ ፈለግኩ። እንደ አየሩና እንደ አሠራሩ በቀን ከጠቅላላ ውሃው ከ1 እስከ 3 በመቶ ይጎድላል ይላል። በትነት ይሄዳል፣ በተክሉ ቅጠል ይሄዳል፣ ይረጫል። መካከለኛውን 2 በመቶ ያዝኩ። የ1,000 ሊትር 2 በመቶ 20 ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ! በወር 30 ጀሪካን። እኛ ደግሞ አራት ነፍስ ሆነን ውሃ ሲጠፋ በቀን በአራት ጀሪካን የምንኖር ነን። ዓሣው አምስተኛ ቤተሰብ ሆኖ ሊገባ ነው ማለት ነው። "ልጅ ለማጠብ ስንቆጥብ ለዓሣ ልንሞላ ነው?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ 90 በመቶው የት ሄደ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። ግን "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" ብላችሁ ጠይቁ። ማሳን በቦይ ለሚያጠጣ ገበሬ፣ አብዛኛው ውሃ ወደ መሬት ሰርጎ ወይም ከመሬቱ ላይ ተንኖ ይጠፋበታል። ዓሣ አርቢም ኩሬውን ለማጽዳት ውሃ እየደፋ አዲስ ይሞላል። ከእነዚህ ጋር ሲወዳደር አኳፖኒክስ በርግጥም ብዙ ይቆጥባል። በጣሳ ቆጥባ ሥር ሥሩን ከምታጠጣ እናት ጋር ሲወዳደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎመን አፈር ላይ ቆመ ጠጠር ላይ ቆመ፣ በቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ያው ነው። ያንን ማንም ቴክኖሎጂ አይቀንስለትም። የሚቀንሰው የሚሰርገውንና በከንቱ የሚተነውን ብቻ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በየካቲት፣ ደረቁ በጠናበት ሰዓት፣ ግቢያችን ያለችውን 4 ካሬ ሜትር መደብ ለሁለት ሳምንት ለካሁ። በቀን አንድ ጀሪካን ገደማ ነው የምትጠጣው። በካሬ ሜትር 5 ሊትር ማለት ነው። "በላ፣ የኔ እቅድ 3 ካሬ ሜትር በአንድ ጀሪካን፣ ያንቺ 4 ካሬ ሜትር በአንድ ጀሪካን፤ እኔ ዓሣ አለኝ፣ አንቺ የለሽም" ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

እሷ ግን "ያ ጀሪካን ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?" አለችኝ።

አላውቅም። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነዋ የምገባው። ለካ ጎመኑን የምታጠጣው በልብስ እጣቢ ነው! የመጀመሪያውን አረፋ ያለውን ትደፋዋለች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ በረኪና ያልነካውን፣ ለጎመኑ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ ልብስ ያጠበ ውሃ ነው ሁለተኛ ጎመን የሚያበቅለው። ስለዚህ ለጎመን ብለን ከጀሪካን የምንቀንሰው አዲስ ውሃ ምንም የለም። ዓሣ ደግሞ ሳሙና የነካውን ውሃ አይችልም፤ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ባለቤቴ ማንም ሳያሠለጥናት የምታደርገውን ቁጠባ እኔ በቴክኖሎጂ ላፈርስባት ነበር።

አቋሜ የተለወጠው ያን ቀን ነው። አሁን የማምነው ይህን ነው፤ አኳፖኒክስ ውሃ ለሌለው ቤት የውሃ ቁጠባ መጀመሪያ አይደለም፣ ሦስተኛው ደረጃ ነው። አንደኛው የጣራችሁን ዝናብ መያዝ ነው። ሁለተኛው እጣቢውን ሁለተኛ ሥራ ማሠራት ነው። እነዚህን ሁለቱን ያላደረገ ቤት ዓሣ ቢያስገባ፣ ዓሣው የሚኖረው ከልጆቹ ጀሪካን ላይ ነው። አሠልጣኞች ነን የሚሉት ይህን አይነግሯችሁም። ሮቶና ፓምፕ የሚሸጥ ሰው "መጀመሪያ አሸንዳ አስገጥም" አይላችሁም።

ሁለተኛው እቅዴ ያንኑ ሮቶ በግማሽ መሙላት ነበር። ብዙም አልቆየ። "ሮቶውን ግዛው፣ ግን ዓሣ አታስገባበት፤ ዝናብ አስገባበት" አለችኝ። በቃ፣ ሦስተኛው እቅድ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ተወለደ።

ሒሳቡን ተመልከቱ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። የኛ ቆርቆሮ 40 ካሬ ሜትር ነው። የሚረጨውንና የሚባክነውን 20 በመቶ ብቀንስ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 32 ሊትር አገኛለሁ። 1,000 ሊትሩን ሮቶ ለመሙላት 32 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝናብ ይበቃል። የጎንደርን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ይህ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም። በየዓመቱ አጥራችንን እየገፋ ወደ ቦይ የሚሄደው እኮ ይኸው ውሃ ነው።

ዓሣው ደግሞ ወደ ሰማያዊው ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይወርዳል። (ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የምግብ ዘይት ወይም ጁስ የነበረበት ይሁን፤ ኬሚካል የነበረበትን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።) ሌላ አንድ በርሜል በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁለት መደብ ይወጣዋል፤ ሁለቱ ተደምረው 1 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። በርሜሉና መደቡ ሲሞሉ ጠቅላላ ውሃው 250 ሊትር አካባቢ ነው። 2 በመቶው 5 ሊትር። በአራት ቀን አንድ ጀሪካን። ሮቶው ውስጥ ያለው 1,000 ሊትር ለ5 ሲካፈል 200 ቀን ነው። ጥቅምት 1 ከሮቶው መቅዳት ብጀምር እስከ ሚያዝያ 20 ያደርሰኛል። ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል፣ ግን የበልጉ ደመና ከዚያ በፊትም ብቅ ማለቱ አይቀርም። እቅዱን የቀነስኩት ፈርቼ አይደለም። በመጋቢት ሊኖረኝ በሚችለው ውሃ ልክ ስለቆረጥኩት ነው። በሐምሌ ውሃ ልክ ያቀደ ሰው በመጋቢት ያፍራል።

ጎመኑ እዚያው አፈሩ ላይ በእጣቢው ይቀጥላል። ተቀቅሎ የሚበላ ነውና ችግር የለውም። ጠጠሩ ላይ የምተክለው ሰላጣና ቆስጣ ነው። በተለይ ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ በእጣቢ ማጠጣት አይመከርም። ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም፤ ለየራሳቸው ሥራ አላቸው።

አሁን እቅድ ላይ ላላችሁ፣ ደጋ ላለነው በተለይ፣ ያወጣኋቸውን ጥንቃቄዎች ልጻፍ።

ብርዱ። እኛ ጋ በቀላሉ የሚታሰበው ዓሣ ቆሮሶ ነው፣ የጣናው። ቆሮሶ ጥሩ የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። የጎንደር ሌሊት የት፣ 27 ዲግሪ የት! ስለዚህ በቪዲዮ "በስድስት ወር ለገበታ" የሚባለው ቆላ ነው፤ እዚህ ከዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ተቀብዬ ነው የምጀምረው። በርሜሉን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በጭድና በማዳበሪያ ከረጢት እጠቀልለዋለሁ። ሲበርደው ዓሣው ምግብ ይቀንሳል። ያኔ ምግቡን መቀነስ ግድ ነው፤ ያልተበላ ምግብ በስብሶ አሞኒያ ነው የሚሆነው።

አየሩ። ይህን ማንም ሲያነሳው አላየሁም። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። መመሪያው በ1,000 ሊትር እስከ 20 ኪሎ ዓሣ ይፈቅዳል። በኔ በርሜል ሲሰላ አራት ኪሎ ያህል ነው። እኔ ግን ከግማሹ ማለፍ አልፈልግም። አሥር ዓሣ፣ በቃ። ጫጩቶቹንም ከሐይቅ በፌስታል አላመጣም፤ ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቄ ነው የምሄደው።

መብራቱ። 15 ዋት ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ 0.36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 11 አይሞላም። ፍጆታው አያስፈራም። የሚያስፈራው መብራት መጥፋቱ ነው። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅኑ ይወርዳል። ዓሣ ከተጨናነቀ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ አሥር ብቻ ከሆኑ ግን ጊዜ ይሰጣሉ። መብራት ሲጠፋ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስም አየር ያስገባል። ይህን ሥራ ለትልቁ ልጄ ሰጥቼዋለሁ፤ ከአሁኑ ተለማምዷል።

ክዳኑ። ውሃ የሚቆጥበው ዋናው ዕቃ ይሄ ነው። በርሜሉ ይከደን። ጠጠሩም ከላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከሥሩ ይሂድ። ያኔ ትነቱ ይቀንሳል፣ አረንጓዴ ሻጋታም አይይዘውም። ሮቶውም ወንፊት ይኑረው፣ ትንኝ እንዳይራባበት። ደግሞ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ክፍት በርሜል አይቀመጥም፤ ይህ ክርክር የለውም።

ጠጠሩ። አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አቼቶ አፍስሱበት። ከፈላ ኖራ አለበት ማለት ነውና የውሃውን ፒኤች ሽቅብ ይጎትተዋል፤ ሌላ ፈልጉ። የዝናብ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ለስላሳ ስለሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ እየቆየ ወደ አሲድነት ይወርዳል። ያን ጊዜ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጨርቅ ቋጥሮ መንከር ይረዳል። የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አታስገቡ፤ የቆርቆሮውን አቧራ፣ ዝገትና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። የቧንቧ ውሃ ለመጨመር ከተገደዳችሁም ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ዕቃ ላይ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ትዕግሥቱ። ዓሣ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ጠጠሩ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ በብርድ ከዚያም በላይ። እስከዚያ ውሃው እየዞረ፣ ጥቂት የዓሣ መኖ እየተበተነበት፣ ያለ ዓሣ ይቆያል። በመመርመሪያ ወረቀት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ያኔ ዓሣ ይገባል። እኔ ሐምሌ ላይ ሞልቼ መስከረም መጨረሻ ዓሣ ለማስገባት ነው ያሰብኩት። "ዓሣዬ በሳምንቱ አለቀ" የሚል ሰው ስታገኙ ከየት ገዛህ ከማለታችሁ በፊት፣ ሳምንት ነው ወይስ ወር የጠበቅከው በሉት።

የመጨረሻውና ለኔ ትልቁ፣ የማቆሚያው ቀን ነው። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ለዓሣው ከቤቱ ጀሪካን አንድም አይነካም። ሮቶው ከሩብ በታች ከወረደና ሰማዩ ዝም ካለ ዓሣው ቢደርስም ባይደርስም ይበላል፣ ፓምፑ ይጠፋል። ከዚያ በፊት እኛ ወይም ጎረቤት ውሃ ካጣን ደግሞ ሮቶው ለሰው ይከፈታል። ሰው ጀሪካን ይዞ በር ላይ ቆሞ "ለዓሣ ነው" አይባልም። ሩቡ የሚደርሰው፣ በሒሳቤ ከሄደ፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እኛ ቤት አማቴ ስላሉ ምናልባት ከቅበላ በፊት ነው የምንጠብሰው።

"ይሄን ሁሉ ከምትለፋ ታዲያ ለምን አትተወውም?" የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አሥር ዓሣ ሀብታም አያደርገኝም፤ የዓመት ወጥም አይሆንም። ግን ወደ ቦይ ይሄድ ከነበረ ዝናብ ላይ ልጆቼ ሰላጣና ጥቂት ዓሣ ይበላሉ። ተማሪዎቼም ሰሌዳ ላይ ያዩትን ቀስት በርሜል ላይ ያዩታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እቅዱ እስካሁን አንድ ዓሣ ሳያስገባ አሸንዳ እንድንገጥምና ሮቶ እንድንገዛ አድርጎናል። ዓሣው ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ይህ ይቀርልናል።

ስለዚህ ወንድም እህቶች፣ ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ቁጠሩ። ቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ይገባል? ስንቱ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል? ጣራችሁ ስንት ካሬ ነው? ቁጥሩን የምታውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃውን የምትሸከመው ናትና እሷን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ በየቀኑ የጎደለውን ሊትር መዝግቤ ይዤ እመለሳለሁ። 5 ሊትር ያልኩት 8 ሆኖ ከተገኘም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። ከናንተ ውስጥ ደጋ ላይ የሞከረ ካለ፣ በተለይ ብርዱን እንዴት እንደተወጣችሁት፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከሰው ስህተት መማር ከሮቶ ዋጋ ይረክሳል።